ልደት አይተላለፍም

በስልሳኛ ልደታቸው ጠዋት አቶ ታክ ማንሺክ የጥርስ ሳሙናውን ፈልገው አጡት። ከመስታወቱ ሥር፣ ከውሃ ባልዲው ጀርባ፣ ከሚስታቸው የፊት ቅባት መሃል ቢያዩ ቢያዩ የለም። ጣታቸውን ጨው ውስጥ ነክረው ጥርሳቸውን ማሸት ጀመሩ፤ እያሹ ሳለ ማን እንደወሰደው ገባቸውና ጨዉን እንደጎረሱ ቆመው ቀሩ። ኦክሂ ናት፣ ሴት ልጃቸው። በዚያ ሰኔ በሴኡል የጥርስ ሳሙና ለጥርስ ብቻ አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ከዓይናቸው ሥር ይቀቡታል፣ አስለቃሽ ጭሱን ያበርዳል ይባላል። «ዛሬ እንኳን!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ለማን ይበሉት? ከልጃቸው ጋር ከተኳረፉ ሁለት ወር አልፏል።

የአቶ ታክ ሥራ ልብስ ማጠብና መተኮስ ነው። ላውንደሪያቸው ከገበያው መግቢያ ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ትንሽ ወረድ ብሎ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ያሉት ሁለት ጠባብ ክፍሎች ደግሞ ቤታቸው። አንድ ቀን የኦክሂን ጃኬት ሲተኩሱ እንፋሎቱ ተነሣና አብሮት የሆነ ነገር ተነሣ። ዓይናቸው ተቃጠለ፣ አፍንጫቸው ፈሰሰ። የሰልፈኛ ልብስ አዘውትረው ያጥባሉና ዱቄቱን ያውቁታል። ጃኬቱን እያለቀሱ ተኩሰው ጨረሱ፣ እያለቀሱ ሰቀሉት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷን አላናገሯትም። የሰልፉን ነገር ጠልተው እንዳይመስላችሁ። «ፕሬዚዳንታችንን እኛው እንምረጥ» የሚለውንማ ዓሣ የምትሸጠው አሮጊትም እየዘመረች ትላለች። የእሳቸው ነገር ሌላ ነው። ታላቁ ልጃቸው ሳንጉ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ ጠረፍ ይልኩታል ብለው ሲጠብቁ፣ ሄልሜት አጥልቀውለት ጋሻ አስይዘው አድማ በታኝ አደረጉት። እህት ከወዲህ ሆና ድንጋይ ትወረውራለች፣ ወንድም ከወዲያ ሆኖ በጋሻ ይመክታል። አባት የማን ወገን ይሁን? ግራ ሲገባቸው ዝም አሉ። አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እየበሉ እንኳ «ኪምቺውን እንድታቀርብልኝ ንገሪያት» ይላሉ ለሚስታቸው፤ ሚስታቸውም እዚያው አጠገቧ ላለችው ልጅ «ኪምቺውን አቅርቢ ይልሻል» ትላለች፤ ኦክሂም በበርበሬ የታሸውን ጎመን እየገፋች «እነሆ በያቸው» ትላለች። ቤቱ ይህን ለምዶት ነበር።

ስልሳ መሙላት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በአገሩ አቆጣጠር ስልሳ የዓመት ስም አለ፤ ስልሳ መሙላት ስሞቹ ዞረው ሰው የተወለደበትን ዓመት ስም መልሶ የሚያገኝበት ቀን ነው። በዚያን ቀን ልጆች ለአባታቸው መጠጥ ይቀዳሉ፣ መሬት ወድቀው ይሰግዳሉ። በኩሩ ይቀድማል፣ ታናናሾቹ ይከተላሉ። ይህ ሳይሆን ባለልደቱ አይጎርስም፣ እንግዳም አይነካም። ሳንጉ ለዚህ ቀን ፈቃድ ከያዘ ቆይቶ ነበር። ትናንት ማታ ግን ከጎረቤቱ ግሮሰሪ ስልክ መጣልዎት ተባሉ።

«አባባ፣ ፈቃድ ተሰረዘ።»

«ያንተ ብቻ?»

«የሁላችንም። ነገ ትልቅ ሰልፍ አለ። ደግሞ ይባስ ብሎ የምንሰማራው እዚያው እናንተ ጋ ነው፣ ከድልድዩ አጠገብ። ጮክ ብለው ቢጠሩኝ እሰማለሁ።»

ጎረቤት ተሰብስቦ መከረ። ለሳምንት ይተላለፍ ያሉ ነበሩ። የሳንጉ እናት ግን አልሰማ አለች። «ልደት ቢቀድም ይቀድማል እንጂ አይተላለፍም። እናቴም እንዲህ ነው ያለችኝ፣ እናቷም እንዲህ ነው ያለቻት። ዛሬ ያልበላው ዕድሜ ነገ አይቀርብለትም።» በቃ፣ እሷ ካለች አለች ነው።

እንግዲህ ረፋዱ ላይ፣ በገበያው ውስጥ ጣራ ባለው መተላለፊያ፣ ድግሱ ተዘረጋ። ጠረጴዛው ላይ ቴምሩ፣ ከረሜላው፣ ብስኩቱ፣ ፖሙ፣ ባለቀለሙ የሩዝ ኬክ እያንዳንዱ እንደ ግንብ ተቆልሎ ሰው ደረት ይደርሳል። ፖም በዚያ ሳምንት የጫነ መኪና መንገድ ተዘግቶበት ስለቀረ ዋጋው እጥፍ ሆኗል፤ የሳንጉ እናት አንዱን ፖም ባነሣች ቁጥር ለሰው ሁሉ ዋጋውን ትናገራለች። አቶ ታክ ሰማያዊ አረንጓዴ የሐር ካባ ለብሰው፣ ነጭ የጎማ ጫማ ተጫምተው ከቁልሉ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ከፊት ሲታዩ ከግንባራቸው በላይ ብቻ ነው የሚታየው። ከፊታቸው ምንጣፍ ተነጥፏል። ምንጣፉ ባዶ ነው። ኦክሂ ገና በጠዋት ወጥታለች፣ ሳንጉ ከድልድዩ ጋ ቆሟል።

«የወንድምህ ልጅ በሳንጉ ቦታ ይስገድና እንብላ» አሉ ሥጋ ሻጩ አቶ ኖ። ከሌሊት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም፣ ሆዳቸውን ለዚህ ድግስ ነው ያዘጋጁት።

«እኔ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ።»

«ወልደሃል፣ ማን ካደ? ግን እነሱ እዚያ ይጣላሉ፣ እኛ እዚህ በረሃብ እናልቃለን። ዛሬ ልደትህ፣ ነገ ቀብሬ ነው።»

ሰው ሳቀ። አቶ ታክ አልሳቁም። ከሩቅ የመፈክር ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ ዱም፣ ዱም የሚል የጭስ ተኩስ። የሳንጉ እናት ወደ ድልድዩ ቁልቁል አየች። እሷ ቁልቁል ስታይ አቶ ታክ ተነሡ። ካባቸውን ሰበሰቡ፣ ከጠረጴዛው ጎን የነበረችውን የሩዝ አረቄ ጠርሙስ በብብታቸው ያዙ።

«ወዴት ነው የሳንጉ አባት?»

«ልጄን ላመጣ።»

«በሐሩ?»

«በሐሩ።»

ከገበያው ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ሱቁ ሁሉ ዘግቶ፣ የእግረኛው ንጣፍ ድንጋይ ተፈነቃቅሎ፣ የታረሰ ማሳ መስሏል። ጭሱ በዝቅታው ተኝቷል። አቶ ታክ በካባቸው እጅጌ አፍንጫቸውን ይዘው እያነጠሱ ሲሄዱ፣ ተማሪዎቹ መሃል ገቡ። መጀመሪያ አንዱ አየና ጓደኛውን በክርኑ ነካው። ከዚያ መንገዱ ራሱ ተከፈተላቸው፤ የአባታቸውን ልደት ያየ ሁሉ ያንን ልብስ ያውቀዋላ።

«እንኳን አደረስዎ አባት! ወዴት ነው እንዲህ አምረው?» አለ ግንባሩን በጨርቅ ያሰረ ረጅም ተማሪ።

«ልጄ ጋ።»

«የትኛው ነው? ይንገሩንና እንጥራው።»

አቶ ታክ በጣታቸው ወደ ድልድዩ፣ ወደ ጋሻው ግድግዳ አመለከቱ። የልጁ ፈገግታ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ድንጋይ የያዘውን እጁን ከጀርባው ደበቀ።

በዚህ መሃል ነው ኦክሂ የመጣችው። በሁለት እጇ ውሃ የሞላ ባልዲ ተሸክማ፣ ከዓይኗ ሥር ነጭ ሳሙና ተቀብታ፣ ጨረቃ መስላ። አባቷን ስታይ ባልዲውን አስቀመጠች። አባትና ልጅ ተያዩ። እናት መሃል የለችም፤ ማን ለማን ያስተላልፍ?

«አባባ» አለች ራሷ። «ዓይንዎ ሊጠፋ ነው፣ ይቁሙ።» ከኪሷ ሳሙናውን አወጣች። ከጫፉ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ያለቀውን ቱቦ አጥብቃ ጨመቀችና ከዓይናቸው ሥር በአውራ ጣቷ ቀባቻቸው። አቶ ታክ እንደ ሕፃን ፊታቸውን ሰጥተው ቆሙ። ቀዘቀዛቸው። «መጀመሪያ እወረውር ነበር፣ አልዋሽዎትም» አለች ዝቅ ብላ። «የሳንጉ ጓዶች ያሉበትን አይቼ ወደ ሌላው ጫፍ እሄድ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን እዚያ ሌላው ጫፍ ላይ በድንጋይ ተመትቶ የወደቀ ወታደር አየሁ። ሄልሜቱን ሲያወልቁለት ጆሮው ልክ እንደ ሳንጉ ወጣ ያለ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃ ነው የማመላልሰው። ዓይን ለሚያጥቡ።»

አቶ ታክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቃሉ መጣ፣ ከጥርሳቸው ደረሰ፣ እዚያው ቀረ። ሁለት ወር የተዘጋ በር በአንድ ግፊት አይከፈትም። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የምሳ ሰዓት ነበር። በዚያ ዘመን ይህ የታወቀ ነው፤ ተማሪውም ይርበዋል፣ አድማ በታኙም ይርበዋል፤ ማንም ሳያውጅ ድንጋዩም ጭሱም ጋብ ይላል። ወታደሮቹ ግማሹ ከአስፋልቱ ዳር ተቀምጦ ቀዝቃዛ ሩዝ ከሳጥን ይጎርሳል፣ ግማሹ በሰልፉ እንደቆመ ተራውን ይጠብቃል። አቶ ታክ ባዶውን ሜዳ አቋርጠው፣ ከጋሻዎቹ ፊት ቆሙ። ሁሉም ሄልሜት፣ ሁሉም ፊት መከለያ፣ ሁሉም ጥቁር ልብስ። ከአንድ ቅርጽ የወጣ ጡብ ይመስላሉ።

«ሳንጉ!» ብለው ጠሩ። ማንም አልዞረም። «ታክ ሳንጉ!» ጸጥ። አቶ ታክ ደነገጡ፤ ልጄ ተጎድቶ ይሆን አሉ በሆዳቸው። ምስኪን አባት ያላወቁት ነገር፣ በዚያ ሰፈር አዲስ ገቢ ወታደር አንጋፋው ሳይፈቅድለት አንገቱን እንኳ አያዞርም፣ አያስነጥስም፣ ለእናቱም ቢሆን መልስ አይሰጥም። ሳንጉ ከፊታቸው በክንድ ርቀት ነበር የቆመው፤ ከመከለያው ኋላ እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ ዓይኑ ግን ቀጥ ብሎ ድልድዩን ያያል።

ከዳር ሩዝ ሲጎርስ የነበረ አንጋፋ ጎረምሳ ነገሩ ገባው። «ታክ!»

«አቤት አለቃ!»

«የሚጠሩህ አባትህ ናቸው?»

«አዎ አለቃ!»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል፣ ሐውልት ነህ? መልስላቸው እንጂ!»

«አቤት አባባ!» ብሎ ሳንጉ ጮኸ፤ ከልምድ የተነሣ እንደ ወታደር ነው የጮኸው፣ አቶ ታክ ወደ ኋላ ዘለሉ። ከምሳ በሊዎቹ አንዱ ሩዙ ትን አለው።

የመቶ አለቃው መጣ። ሠላሳን የዘለለ፣ ብዙ ቀን ያልተኛ፣ ከንፈሩ የደረቀ ሰው ነበር። አቶ ታክ ሁሉንም ነገሩት፤ ስልሳውን፣ ምንጣፉን፣ ቁልሉን፣ የተራቡትን አቶ ኖን ጭምር።

«አባቴ፣ ይገባኛል። ግን አንድ ሰው ከሰልፉ ቢወጣ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«እኔ መች ይውጣ አልኩ? ለስግደት የምታስፈልገው የአንድ ምንጣፍ ቦታ ናት። እሱ ጠረጴዛው ጋ መምጣት ካልቻለ፣ ጠረጴዛው እሱ ጋ ይመጣል።»

የመቶ አለቃው አስፋልቱን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «የእኔ አባት ስልሳ በመጪው መከር ነው» አለ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ፊቱን አጠቆረ። «ምሳ እስኪያልቅ። ከዚያ በላይ አንዲት ደቂቃ የለም።»

አቶ ታክ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ከበው ጮኹ፦ «ጠረጴዛው ይምጣ በሏቸው!» ረጅሙ ተማሪ ተቀበለ፣ ከኋላው ያለው ተቀበለ፣ ተማሪ ደግሞ አንዴ የተቀበለውን ነገር መፈክር ሳያደርግ አያሳልፍምና መንገዱ በሙሉ በአንድ ድምፅ፣ በጭብጨባ፣ «ጠረጴዛው ይምጣ! ጠረጴዛው ይምጣ!» ማለት ጀመረ። ከወታደሮቹ አንዱ «ይሄ ደግሞ አዲስ ጥያቄ ነው?» ሲል ተሰማ።

ጠረጴዛውም መጣ። አራት ሰው ይዞታል። አቶ ኖ ከፊት በኩል ናቸው፣ የቴምሩ ቁልል በአገጫቸው ተደግፏል። የሳንጉ እናት ከጎን ከጎን እየሮጠች «ፖሙን! ፖሙን አደራ! ዋጋውን ታውቃላችሁ?» ትላለች። ከኋላ እንግዳው ሁሉ፣ አሮጊቷ ዓሣ ሻጭ ምንጣፉን በራሷ ተሸክማ። ተማሪዎቹ የተሸካሚ እግር እንዳይደናቀፍ ጠዋት የፈነቀሉትን ድንጋይ በእግራቸው ወደ ዳር ይገፋሉ፤ አንዷ ከየት እንዳመጣችው እንጃ መጥረጊያ ይዛ አስፋልቱን ትጠርጋለች። «ቀስ! ጉድጓድ አለ!» ይላሉ። «ጉድጓዱን ማን ቆፈረው?» ይላሉ አቶ ኖ ከቴምሩ ሥር። «እናንተው! ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምራችሁ ቁፋሮ ነው እንዴ?»

በሁለቱ ወገን መካከል፣ ነጩ የመንገድ መስመር ላይ፣ ምንጣፉ ተነጠፈ፣ ጠረጴዛው ቆመ፣ አቶ ታክ ከኋላው ተቀመጡ። ሳንጉ መጣ። ግን መስገድ አቃተው። የቅልጥሙ መከላከያ ጉልበቱን አላጥፍ አለው፤ ጎንበስ ይላል፣ እንደ ግንድ ቀጥ ይላል። አንጋፋው ጎረምሳ «እኔ ልሙትልህ፣ መንበርከክ እንኳ አታውቅም!» ብሎ ሮጦ መጥቶ ማሰሪያውን ፈታለት። ሳንጉ ተንበረከከ፣ በሁለት እጁ አረቄውን ቀዳ፣ ግንባሩን ወደ መሬት ሲያደርስ ሄልሜቱ ከምንጣፉ ዳር አልፎ አስፋልቱን ቋ አደረገው። ሁለቱም ወገን ሳቀ። «ዕድሜ ከጤና ይስጥህ፣ ከዚህ ቆብ ያውጣህ» አሉ አቶ ታክ።

ቀጥሎ የኦክሂ ተራ ነው። ከተማሪዎቹ ፊት ቆማለች፣ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ከሰልፉ የወጣ ተማሪ ምን እንደሚጠብቀው ሁሉም ያውቃል፤ እጁን ጠምዝዘው ወደ መኪና ነው። እናቷ ከንፈሯን ነከሰች።

የመቶ አለቃው አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ አባትየውን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክፍሉ! ተጠንቀቅ!» አለ። ሩዝ የጎረሰው ሁሉ ብድግ አለ። «ወደ ኋላ… ዙር!»

ያ ሁሉ ወታደር በአንድ ምት ጀርባውን ሰጠ። የመቶ አለቃው ራሱም ዞረ፤ ደርበብ ብሎ ወንዙን ማየት ጀመረ። «እኔ የማየው ወንዝ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «እናንተስ ምን ታያላችሁ?»

«ወንዝ ነው ጌታዬ!» አለ ክፍሉ በሙሉ።

ኦክሂ ሮጠች። ምንጣፉ ላይ ስትደርስ የግንባሯን ጨርቅ ፈታች፣ ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች፣ ቀዳች፣ ሰገደች። አባቷ ጽዋውን ተቀብለው እስከ ጠብታው ጠጡ። ምርቃት ጠበቀች። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ራሷን በመዳፋቸው ነካ አደረጓት፣ እጃቸውንም ቶሎ አላነሡም። እሷ ግን ቃል ነበር የጠበቀችው፤ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆይታ ተነሣች።

«እሺ፣ አሁንስ እንብላ?» አሉ አቶ ኖ።

«ማዘሉስ?» አለች አሮጊቷ ዓሣ ሻጭ። «የበኩር ልጅ አባቱን ሳያዝል ምን ልደት አለ? ስንት ዓመት ታዝሎ ነው ያደገው!»

«ይዘላቸው! ይዘላቸው!» አሉ ተማሪዎቹ። ሳንጉ ጀርባውን ሰጠ፣ አቶ ታክ እምቢ እያሉ ወጡ፣ ሐሩ በሄልሜቱ ላይ ተዘረፈፈ። ሳንጉ ጠረጴዛውን መዞር ጀመረ። «አባባ፣ ከብደዋል።» «ዝም ብለህ ዙር፣ አንተም ቀላል አልነበርክም።» ተማሪው ያጨበጭባል፣ እናት በእጆቿ እየጨፈረች ትከተላለች። ጀርባቸውን የሰጡት ወታደሮችም ሳይዞሩ በቆመጣቸው ጋሻቸውን ቀስ እያሉ ይመታሉ፤ የሩዝ ኬክም በትከሻቸው ላይ እየተላለፈ እጃቸው ይገባል፣ ወንዙን እያዩ ያኝካሉ። አቶ ኖ አንዱን ቴምር ለራሳቸው፣ አንዱን ለአንጋፋው ጎረምሳ ያጎርሳሉ። «ብላ የእኔ ልጅ፣ አንተም ከስተሃል፣ መንግሥት ሥጋ አያውቅም እንዴ?»

ድንገት ከድልድዩ ማዶ የበላይ አዛዡ ጂፕ ብቅ አለች። የመቶ አለቃው ክው አለ። ፊሽካውን ነፋ። «ዙር! ቦታ ያዝ!»

በአንዴ ሁሉም ተበተነ። ጠረጴዛው ተነሣ፣ ምንጣፉ ተጠቀለለ፣ ኦክሂ ወደ ተማሪዎቹ ሮጠች፣ ወታደሩ ጋሻውን አነሣ። ሳንጉም ፊሽካ ሰማ። ስድስት ወር ሙሉ ፊሽካ ሲሰማ እንዲሮጥ ነው የተማረው፤ እንቅልፍ ላይም ቢሆን ይሮጣል። ሮጠ። ቦታው ላይ ደረሰ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አገጩን አነሣ። አባቱ ግን አሁንም ጀርባው ላይ ናቸው።

ጂፗ መጥታ ስትቆም አዛዡ ያየው ይህን ነው፦ አንድ ረድፍ ጥቁር ሄልሜት፣ አንድ ረድፍ ጋሻ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ሐር የለበሱ፣ ከዓይናቸው ሥር ሳሙና የተቀቡ አንድ ሽማግሌ።

«ያ ምንድን ነው?»

«አባት ናቸው ጌታዬ» አለ የመቶ አለቃው። ሌላ የሚለው ነገር ስላልነበረው ደገመው። «ስልሳቸው ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ከተማሪዎቹ በኩል ተነሣ ይላሉ አንዳንዶች፤ አቶ ኖ ግን ከጋሻው ኋላ ነው ብለው ይምላሉ። ብቻ ሳቁ መንገዱን ሞላው። ረጅሙ ተማሪ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ፣ ድንጋዩ ከእጁ ወድቆ ተንከባለለ። አዛዡ እንኳ አፉን በጓንቱ ሸፈነ። ሳንጉ ብቻ፣ ምስኪን፣ ማንም ስላልፈቀደለት አልሳቀም፤ አባቱ ግን ጀርባው ሲንቀጠቀጥ ይሰማቸዋል።

አቶ ታክ ከዚያ ከፍታ መንገዱን አዩት። ገበያውን አዩ፣ ሚስታቸውን ፖሟን አቅፋ አዩ። ከተማሪዎቹ ፊት ኦክሂን አዩ፤ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች። ከዚያ ደግሞ አንድ እግራቸው እንደቀዘቀዘ ተሰማቸው። አንዱ ነጭ ጫማ ባዶው ሜዳ መሃል ወድቋል።

«ኦክሂ!» ብለው ጮኹ።

ልጅቷ ክው አለች። ወደ እናቷ ዞረች፤ እናቷ ግን ምንም ሳታስተላልፍ ፈዛ ቆማለች።

«ኦክሂ፣ የእኔ ልጅ፣ ጫማዬን አንሺልኝማ! እግሬ በረደኝ!»

«መጣሁ አባባ!» አለች፤ ማንም ሳይዞርላት፣ በዚያ ሁሉ ጋሻ ፊት፣ ጫማውን ልታነሣ ወጣች።